አክሳ የሚባሉ ልጆች

ጋሪው ከድልድዩ ወርዶ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ፣ አክሳ ከተቀመጠችበት ሣጥን ላይ ሳትነሣ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ኮንስታብል ዛዶክ ዘወር ብሎ ምን ልታደርግ እንደሆነ ጠየቃት። ወርጄ ልገፋ ነው አለችው። ከሃርትዌል አውጥቶ ሊጥላት የሚወስዳትን ጋሪ በገዛ ትከሻዋ ልትገፋ መሆኗን ስትናገር ፊቷ ላይ ቀልድም ቁጣም አልነበረም። ጫማ በዚህ ጭቃ ከተዋጠ አይገኝም፣ እግር ግን ይታጠባል። የምታስበው ይህን ብቻ ይመስል ነበር።

«ተቀመጪ፣ አክሳ» አላት ዛዶክ። «ድኻ አጓጉዝ ተባልኩ እንጂ ድኻ አስገፋ አልተባልኩም።»

«አንተ ድሮም ሲገፉልህ ነው የምትሄደው። ትምህርት ቤት ሳለን ማባዛቱን ከኋላህ ሆኖ የሚያንሾካሹክልህ ማን ነበር?»

«አንቺ ነበርሽ።»

«እና አሁን ማን ነኝ?»

ዛዶክ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ፈረሱን በልጓሙ ጫፍ ነካ አደረገው። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ወረድኩና ከአክሳ ጋር ጎን ለጎን ሆነን ገፋን።

ይህ የሆነው በ1848፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው። በቨርሞንት ኮረብታዎች በረዶው ቀልጦ መንገዱ ገና ያልጠነከረበት፣ በየሜፕሉ ግንድ ላይ ባልዲ ተንጠልጥሎ ስኳር ሊሆን የሚፈላው የዛፉ ጭማቂ ጠብ ጠብ የሚልበት ሰሞን ነበር። እኔ ሉራና ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዛሬ የዚያን ጊዜዋን አክሳ በዕድሜ አልፌያታለሁ፤ እንዲህ ስሟን እያነሣሁ በ«እሷ» የምናገረውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ቀን ግን «እትዬ አክሳ» እያልኩ ነበር የምጠራት።

አባቴ ሌሙኤል የሃርትዌል የድኾች ሹም ነበሩ። አንዲት ሴት ከአንድ ወንድ ጋር ብቻዋን ቀኑን ሙሉ መንገድ መሄድ ነውር ስለሆነ፣ እኔ እንድሸኛትና ወረቀቱን ባርክስቴድ ለሚገኘው ሹም እንድሰጥ ታዘዝኩ። ወረቀቱ በሁለት ዳኞች ተፈርሞ ደረቴ ውስጥ ተቀምጧል። አክሳ የተባለችው መበለት የሃርትዌል ሰው አለመሆኗን፣ አባቷ የባርክስቴድ ሰው በመሆኑ ወደዚያው እንድትወሰድ መወሰኑን ይናገራል።

ነገሩ የተጀመረው በማገዶ ነው። ባሏ ዱጋል በጥር ወር በሳንባ ሕመም ሞተ። እሷ ሸማኔ ነበረች፤ ጣቶቿ ግን በሁለት ክረምት ውስጥ አብጠው እንደ ዝንጅብል ጎባብጠው ነበር። በየካቲት አባቴ ዘንድ መጥታ ሁለት ጋሪ እንጨት ብቻ ለመነች። በእኛ አገር ሕግ ደግሞ አንድ ከተማ የሚያሞቀው የራሱን ሰው ነው። ሴት የባሏ ከተማ ሰው ናት፤ ባሏ ከተማ ከሌለው የአባቷ። ዱጋል የድንጋይ አጥር እየካበ ከሰሜን የመጣ መንገደኛ ስለነበር የትም አልተጻፈም። ስለዚህ አባቴ የአባቷን ስም ጠየቋት። እሷም፣ ጥያቄው ራሱ እያስገረማት፣ ዲያቆን ኤልናታን ስታርክዌዘር መሆናቸውን ተናገረች።

አባቴ የከተማውን መዝገብ ገለጡ። የኤልናታንና የሜርሲ ልጅ አክሳ በ1794 መወለዷ ተጽፏል። መዝገቡን ዘግተው ቢተዉት ኖሮ ነገሩ በዚያ ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን ሁሉን ነገር ከላይ እስከ ታች የሚያነቡ ሰው ናቸው። ወደ መቃብሩ ቦታ ወጡ፣ የስታርክዌዘሮችን ድንጋዮች አንድ በአንድ አነበቡ። ከነዚህ አንዱ የኤልናታንና የሜርሲ ልጅ አክሳ በ1796 በመስከረም፣ በሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ መሞቷን ይናገራል። በመዝገቡ አንዲት አክሳ፣ በመሬት ውስጥም አንዲት አክሳ። በዚህ ላይ በባርክስቴድ የሚኖር አንድ ሽማግሌ፣ በድሮ ዘመን የቆርቆሮ ዕቃ እያዞረ የሚሸጥ የአገራቸው ሰው ስታርክዌዘሮች ቤት ልጅ ጥሎ ሄዶ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ አለ። አባቴ ሦስቱን ነገር አንዱን ባንዱ ላይ ደረቡና፣ መበለቲቱ የዚያ ነጋዴ ልጅ ናት ብለው ከማገዶው ተገላገሉ።

በእኛ ዘንድ የሞተ ልጅ ስም ቀጥሎ ለሚወለደው መሰጠቱን የማያውቅ ሰው የለም። በየመቃብሩ ቦታ የራሱን ስም እያነበበ የሚያልፍ ሰው ሞልቷል። በገዛ ጓሯችን፣ ከፖም ዛፉ ሥር፣ ሌሙኤል የሚል ትንሽ ድንጋይ አለ፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ አሥራ አንድ ቀን የኖረ። በልጅነቴ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፖም እበላ ነበር። አንድ ምሽት እራት ላይ ይህን ለአባቴ አነሣሁት። ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ ሌሙኤል የሚለው ስም በመዝገቡ ላይ ሁለት ጊዜ መጻፉን፣ አክሳ የሚለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ መጻፉን ነገሩኝ። ከዚያ ባቄላው ጨው እንዳነሰው አከሉ።

አክሳን የሚያስፈራት ድኽነቱ አልነበረም። በባርክስቴድ የከተማው ስብሰባ እኛ በምንደርስበት ቀን ማግስት ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ድኾች በጨረታ ይሰጣሉ፤ አሸናፊው እጅግ ባነሰ ዋጋ አኖራታለሁ ያለው ነው። ሰውዬው ማን እንደሚሆን፣ ምድጃው አጠገብ ይሁን በግ ጋጣ ውስጥ የሚያስተኛት፣ ቆማ ስትጠባበቅ ነው የምታውቀው። ከሃርትዌል ሌላ ከተማ አድራ አታውቅም ነበር።

አንድ ተስፋ ቀርቷታል። የቤተሰቡ ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ቅዱስ ከወንድሟ ከጆታም ጋር ወደ ኦሃዮ ሄዶ፣ እዚያ ከነቤቱ ተቃጥሏል። ታላቅ እህቷ ሮክሳና በልጅነቷ የጠለፈችው የቤተሰብ ጥልፍ ግን አክስታቸው ታቢታ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። የአባትና የእናት ስም፣ የልጆች ስም፣ እያንዳንዱ የተወለደበት ዓመት፣ በሞተው ስም አጠገብ ደግሞ በጥቁር ክር የተሠራ ትንሽ የአኻያ ዛፍ፤ በየቤቱ ሴት ልጅ ፊደል ስትማር የምትጠልፈው ዓይነት። የአክስቲቱ ቤት በባርክስቴድ መንገድ ላይ፣ እኩሌታው ላይ ነው። ዛዶክ ፈረሱ ማረፍ አለበት በሚል ሰበብ አንድ ሰዓት ፈቀደ።

«አንድ ሰዓት ግን ትበቃለች?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ሃያ ሁለት ዓመት አላነጋገሩኝም» አለች አክሳ። «በሩን ከከፈቱልኝ ትበቃለች።»

ጠቡን አገር ሁሉ ያውቀዋል። አክሳ ዱጋልን ያገባችው በዳኛ ፊት ነው፤ እሱ የእኛን ቤተ ክርስቲያን አይረግጥም ነበር። ዲያቆን ኤልናታን ያን ጊዜ ታመው ተኝተዋል። አክሳ አክስቷን ለምና ነበር፤ ፓስተሩ ናቸው ያጋቧቸው ብለው ለአባቷ እንዲነግሯቸው፣ አንዲት ቃል ብቻ። ታቢታ እንቢ አሉ። ዋሽተው አያውቁም። እውነቱን ነገሯቸው፤ ኤልናታንም ልጃቸውን ሳያስገቡ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አክሳ ለአክስቷ ይቅርታ አላደረገችም፣ አክስቷም ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አድርጌያለሁ አላሉም።

ደርሰን ጋሪው ሲቆም ታቢታ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ረዥም፣ ከወገባቸው ያልጎበጡ፣ የሸክላ ፒፓ በጥርሳቸው። እኔን አላዩኝም። የአክሳን በጭቃ የተለወሱ እግሮች ለረዥም ጊዜ ተመለከቱ።

«ጫማሽ የት ሄደ?»

«ሣጥኑ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያ ግቢና ታጠቢ።»

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ አለፈ። ዛዶክ ፈረሱን ወደ ጋጣው ወሰደ፤ እኛ ገባን። ታቢታ ሙቅ ውኃ ቀዱላት፣ የበቆሎ ቂጣና ቀዝቃዛ የአሳማ ሥጋ አቀረቡልን። ለምን እንደመጣን እኔ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ፒፓቸውን እየሳቡ ሰሙኝ፣ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ራሳቸውን ወደ እንግዳ ክፍሉ ነቀነቁ።

ክፍሉ እሳት አይነድበትም ነበር። ጥልፉ በሁለት መስኮቶች መካከል በክፈፍ ተሰቅሏል። አክሳ እርጥብ እግሯን ሳታደርቅ ቀድማኝ ገባች፤ ወለሉ ላይ ዱካዋ ቀረ። ጥልፉ ፊት ቆመች፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች። ዓይኗን የማመን አቅም ያጣች ትመስል ነበር። ቀረብ ብዬ አየሁ። ስሞቹ አሉ። ኤልናታን፣ ሜርሲ፣ ሮክሳና፣ ጆታም፣ አክሳ ከነጥቁር ዛፏ፣ ሥሯም ሌላ አክሳ። ዓመቶቹ ግን የሉም። በየስሙ ፊት ለፊት ባዶ ጨርቅ ብቻ ነው ያለው።

«ሮክሳና ናት» አሉ ታቢታ ከኋላችን። ከዚያ ነገሩን ለእኔ እየተረኩ፣ በነገራቸው መሀል አክሳን ሰረቅ አድርገው እያዩ፣ አስረዱን። ሮክሳና ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷት ሳታገባ በቀረችበት ክረምት አንድ የከብት ነጋዴ ሊጎበኛት ይመጣል ተባለ። ጥልፉ የተሰቀለው እሱ በሚቀመጥበት ወንበር ትይዩ ነው። ጠዋት ተነሥታ የራሷን ዓመት ክር መዝዛ ፈታችው። ከዚያ ታናሽ ወንድሟ ጆታም ዓመቱ ተጽፎ ከቀረ የሷም እንደሚታወቅ ገባት፤ የሱንም ፈታች። እንዲያ እያለች ማንንም ሳታስቀር ጨረሰቻቸው።

«ነጋዴው ማንበብ አይችልም ነበር» አሉ ታቢታ። «አገባት ለነገሩ።»

እኔ ሳላስበው ሳቅሁ። አክሳ ግን ግድግዳውን ተደግፋ፣ ወለሉ ላይ ያለውን የእግሯን ዱካ እያየች ነበር። ሁለት አክሳዎች መኖራቸውን ጥልፉ ይመሰክራል፤ ይሁንና ዓመት የሌለው ስም ለአባቴ ምን ያደርግላቸዋል? የትኛዋ መቼ እንደተወለደች፣ በአንድ ጊዜ የተጻፉ መንትዮች ይሁኑ አይሁኑ የሚለው ነገር የለም። ይህን ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በበጋው ትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ጥልፍ የማስተምር እኔ ነኝ። የተሳሳተ ጥልፍ ስናስፈታ ጨርቁ መርፌውን አይረሳም፤ ቀዳዳዎቹ ይቀራሉ። ታቢታን አስፈቅጄ ክፈፉን አወረድኩ፣ ጀርባውን በቢላ ከፈትኩ፣ ጨርቁን አውጥቼ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ገጠምኩት።

ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ገባ። እንደ ከዋክብት ጥቃቅን ነጥቦች፣ ተራ ይዘው። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ሮክሳና 1788። ጆታም 1791። አክሳ 1794፤ ከዛፏ አጠገብ 1796። ሁለተኛዋ አክሳ 1797። ከታች ሮክሳና ጠልፋ የጨረሰችበት ዓመት፣ 1800።

አክሳ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «እንግዲያ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው» አለች። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ነበር። «ሃምሳ አንድ ነው ብዬ ነበር እኔም።»

የምንፈልገው ይኸው ነው። ድንጋዩ የመጀመሪያዋን ይናገራል፣ ሁለተኛዋ ከሦስት ዓመት በኋላ የተወለደችው ደግሞ ይህቺው በፊቴ የተቀመጠችው ናት። በደስታ ጨርቁን ገለበጥኩት። የጥልፍ ጀርባ ቀለሙ አይደበዝዝም፤ የተረፈ ክር ካለ ዓመቶቹን ይበልጥ ያጠነክርልኛል ብዬ ነው። በሁለተኛዋ አክሳ ስም አጠገብ ጣቴ ቆመ። ሦስት አራት ቁራጭ ክሮች ነበሩ፣ ከቅንድብ ፀጉር የማይበልጡ። ጥቁር። መልሼ ወደ ብርሃኑ አነሣሁት። በባዶው ጨርቅ ላይ፣ ከዓመቱ ቀጥሎ፣ የአኻያ ዛፍ ቀዳዳዎች ነበሩ። ቅርንጫፎቹ ወደ ታች የወረዱ፣ ከላይኛው ጋር አንድ ዓይነት።

ምን እንዳየሁ ገባኝ፣ ደግሞም አልገባኝም። ጨርቁን ለማጠፍ ሞከርኩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አክሳ።

ታቢታ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«ዛፉ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ረዥም አልነበረም፤ አክሳንም አላዩም። በ1802 መከር፣ እሳቸው ከወንድማቸው ቤት ሲኖሩ፣ የጉሮሮ በሽታ ገባ። አምስት ዓመት የሞላት ሁለተኛዋ አክሳ በአምስት ቀን ውስጥ ሞተች። ሜርሲ ዛፉን በራሷ እጅ ጠልፋ ጨረሰችና አልጋዋ ላይ ወጥታ ተኛች። ኅዳር አለፈ፣ ገና አለፈ፣ አልተነሣችም። በየካቲት በረዶው ላይ የቆርቆሮ ዕቃ የጫነ የፈረስ ሸርተቴ መጣ። ሰውዬው ሚስቱ መንገድ ላይ ሞታበታለች፤ አንዲት ልጅ ዕቃው መሀል በብርድ ልብስ ተጠቅልላለች። እስከ ጸደይ ያዙልኝ አለ። በጸደይ አልመጣም። ከየት እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ባርክስቴድም ይሁን ሌላ እሳቸው አያውቁም። ልጅቷ በገባች በሦስተኛው ቀን ሜርሲ ከፎቅ ወርዳ መጣች፣ አየቻት፣ አክሳ ብላ ጠራቻት። ልጅቷም ሄደችላት። ማታውኑ ሜርሲ መቀስ ይዛ መስኮት ሥር ተቀመጠችና ዛፉን ፈታችው።

«መልሼ ልጠልፈው?» አሉ ታቢታ። የሚጠይቁት እኛን አልነበረም። «ኤልናታን ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ አልዋሸሁም።»

አክሳ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታያቸው ነበር፤ የሌላ ሰው ዕቃ አደራ የተሰጣት ይመስል። ከዚያ ዝግ ብላ፣ በልጅነቷ ሁልጊዜ የሚመጣባት አንድ ሕልም እንደነበር ነገረችን። የምትተኛበት ነገር ይንኳኳል፣ ይንቃጨላል፣ ከሥሯ ይበርዳል። ለእናቷ ስትነግራት ትኩሳት ላይ ሳለሽ ነው ትላት ነበር።

«ስሜ ማን ነበር?» አለች።

ታቢታ መልስ ለመስጠት አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። እኚያን ሴት ሲያመነቱ ሳያቸው ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ነግሮን ነበር» አሉ በመጨረሻ። «በሩ ላይ ቆሞ ነግሮናል። ሌሊት ሌሊት አስቤው አውቃለሁ። ከሁለት ቀን በላይ ማንም አልጠራሽበትም፤ ረሳሁት።»

ውጭ የዛዶክ ጫማ ደረጃው ላይ ጭቃውን ሲያራግፍ ተሰማ። እኔ ጨርቁን በእጄ እንደያዝኩ ቀርቻለሁ። ልቤ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ሕጉን አስባለሁ፤ በሕጉ አባቴ ተሳስተውም ልክ ናቸው። ማግስቱን አስባለሁ፤ የማላውቀው ሰው አክሳን ከጥርሷ እስከ ጣቷ እያየ ዋጋ ሲጠራ። ደግሞ በልጅነታችን ለሁላችንም ጓንት የሠራችልን ሴት እዚህ ተቀምጣ ስም የላትም። የቱን ይዤ የቱን እንደምተው አላወቅሁም።

ዛዶክ ባርኔጣውን አውልቆ ገባና ሰዓቱ መሙላቱን ተናገረ። ጨርቁን አየ፣ እኔን አየ። የተገኘ ነገር ካለ ጠየቀ። ዓመቶቹን ብቻ አሳየሁት፤ በመስኮቱ ብርሃን፣ ከላይ ጀምሬ፣ ጣቴን ከዛፉ ቀዳዳዎች ላይ ሳላነሣ። ዛዶክ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ።

«ወይዘሮ ታቢታ» አለ። ከቀልደኛው ድምፁ ወጥቶ የኮንስታብሉን ድምፅ ለብሶ ነበር። «ወንድምዎ ዲያቆን ኤልናታን አክሳ የሚባሉ ሁለት ሴት ልጆች ነበሯቸው?»

«ተወልደውለታል። ሁለተኛዋን ለማስጻፍ ሂድ ስንለው፣ ስሙ መዝገቡ ላይ አለ አይደል፣ ምን ያደርጋል ብሎ ቀረ። ሰነፍ ነበር ለወረቀት።»

«እና ሁለተኛዋ ይህቺ ናት?»

ታቢታ አክሳን አዩአት። ከገባን ጀምሮ በቅጡ ፊቷን ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ፒፓው ጠፍቷል፤ በአውራ ጣታቸው ትንባሆውን ጠቀጠቁት፣ ግን አላቀጣጠሉትም። ወጥ ቤት ያለው ሰዓት ሲመታ ሰማሁ። አክሳ አልለመነቻቸውም። ያን አንዴ ለምናቸው አይታለች።

«ናት» አሉ ታቢታ።

ቆይተውም፣ «ምን አፍጠህ ታየኛለህ? ካወቅሃት አርባ ዓመት አልፎህ የለም እንዴ? ይልቅ ይህቺ የሹሙ ልጅ ትጻፍልኝና ልፈርም፣ እጄ ሳይበርድ።»

ጻፍኩ። ታቢታ ስታርክዌዘር የወንድሟ ልጅ መሆኗን የመሰከረችላት አክሳ ይህቺው ናት፣ በ1797 የተወለደችው። ቀለሙ አንድ ቦታ ተንጠባጥቦብኛል። ታቢታ ስማቸውን በትልልቁ ፈረሙና ብዕሩን መለሱልኝ፤ ጣቶቻቸው በረዶ ነበሩ። ክፈፉን ለመመለስ ስነሣ በእጃቸው ከለከሉኝ። ጨርቁን አራት ላይ አጥፈው አክሳ ጭን ላይ አስቀመጡት። ለሷ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጫማሽን አድርጊ፣ ብርዱ ይመለሳል።

ዛዶክ ወረቀቱን ደረቱ ውስጥ ከተተ። ፈረሱ ወደ ቤቱ ሲዞር የተሻለ እንደሚራመድ ብቻ ተናገረ። ምን ያህል እንደገባው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወደ ሃርትዌል ስንቃረብ አክሳ መቃብሩ ቦታ እንድንቆም ጠየቀች። ከየጎጆው የስኳሩ እንፋሎት እየወጣ ኮረብታው ላይ ተኝቷል። የስታርክዌዘሮችን ድንጋዮች ያለችግር አገኘናቸው፤ ኤልናታን፣ ሜርሲ፣ ባለ ሁለት ዓመቷ አክሳ። ሁለተኛዋ ግን ድንጋይ አልተጻፈላትም። ስሟን ለሌላ የሰጠ ቤት ምን ብሎ ያስጽፍላታል? ከአጥሩ ሥር ፊደል የሌላቸው፣ ከእርሻ ተለቅመው የቆሙ ስድስት ድንጋዮች ነበሩ። አክሳ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች። በአንዱ ላይ እጇን አሳረፈች፣ አነሣችና በሌላው ላይ አሳረፈች።

«የትኛዋ ትመስልሻለች?» አለችኝ።

እንደማላውቅ ነገርኳት። ደስ እንዲላት ጠብቄ ነበር፤ በቤቷ ልታድር ነው። ፊቷ ላይ ያየሁት ግን ደስታም ሐዘንም አልነበረም። ሰው ገበያ መሀል የመጣበትን ጉዳይ ሲረሳ እንደሚቆመው ነበር የቆመችው።

ዳኞቹ ትእዛዙን ሰረዙ። አባቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና እንጨቱ እንዲላክ አደረጉ። ቀለሙ ስለተንጠባጠበበት ቦታ ብቻ ጠየቁኝ፤ እጄ በርዶት እንደነበር ነገርኳቸው።

በጥቅምት አባቴ ለሁለተኛው ክረምት የተላከውን እንጨት ሊያዩ ሲሄዱ እኔም ተከተልኩ። አክሳ አስገባችን። ከምድጃው በላይ ጥልፉ ተሰቅሏል። ባበጡት ጣቶቿ በጋውን ሙሉ ስትሠራ ከርማለች፤ ዓመቶቹ ሁሉ ተመልሰዋል፣ ጠማማ ሆነው፣ አንዱ ቁጥር ከአንዱ ወጣ ብሎ። የመጀመሪያዋ አክሳ ዛፍ እንዳለ ነው። በሁለተኛዋም አጠገብ ጥቁሩ ዛፍ በአዲስ ክር ተመልሷል፤ ከሱ ቀጥሎ 1802። ከሁሉ በታች አዲስ መስመር ተጨምሯል፤ ለሦስተኛ ጊዜ አክሳ ይላል፣ ዓመት የለውም። በዓመቱ ቦታ በግራጫ ክር የተጠለፈ ትንሽ የቆርቆሮ ኩባያ አለ።

አባቴ ባርኔጣቸውን ይዘው ከሥሩ ቆሙ። እንደ ልማዳቸው ከላይ ጀመሩ። ዓይናቸው በየመስመሩ ሲወርድ አየሁ፤ ሮክሳና፣ ጆታም፣ አንደኛዋ አክሳ፣ ሁለተኛዋ። ኩባያው ላይ ቆመ።  አክሳ አልደበቀችም፣ ዞራም አላየችም፤ የእንጨት ቅርፊት ወደ እሳቱ ትጨምር ነበር።

«ጭስ መውጫው ደህና ይስባል?» አሉ አባቴ።

«ነፋሱ ከሰሜን ሲሆን ይመልሳል።»

ከበረዶው በፊት ሰው ልከው እንደሚያስለስኑት ነገሯትና ወጣን። በመንገድ ላይ ስለ ጥልፉ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ቤታችን ስንደርስ ወደ በሩ አልሄዱም፤ በጓሮ ዞረው ከፖሙ ዛፍ ሥር ተንበረከኩና ሌሙኤል በሚለው ትንሽ ድንጋይ ዙሪያ የበቀለውን ሣር በእጃቸው መንቀል ጀመሩ። ከዚያ በፊት ይህን ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም። ሣሩ ረዝሞ ነበር፤ እሱን አይተው ይሁን ሌላ ነገር፣ መጠየቅ ፈርቼ ባርኔጣቸውን ይዤ ቆሜ ጠበቅኳቸው።